የኤም ስትሪት መምህርቶችና የላቲኑ ጠብ

በጁን 1921፣ በዘጠኝ ቀን ውስጥ፣ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ጁን 14 ቀን ጆርጂያና ሲምፕሰን ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በጀርመንኛ፣ በማግስቱ ሴዲ ታነር ሞሴል ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ፣ ጁን 22 ቀን ደግሞ ኢቫ ዳይክስ ከራድክሊፍ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ። ከእነሱ በፊት በዚያች አገር ለዚህ ማዕረግ የበቃች ጥቁር ሴት አልነበረችም። ከሦስቱ “የመጀመሪያዋ” ማን ናት የሚለው ሙግት ዛሬም አልበረደም፤ ዳይክስ ትምህርቱን ቀድመው ቢጨርሱም የምረቃቸው ቀን ከሁሉ ኋላ ነበርና። ሙግቱን ለሚወዱት ልተወው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ ከምርቃቱ በኋላ የት ሄዱ?

ሲምፕሰንና ዳይክስ ያስተማሩት ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በዩኒቨርሲቲ አይደለም። የቺካጎዋ የጀርመንኛ ሊቅ ለአሥራ ስድስትና ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች የጀርመንኛ ግስ ያስረባሉ። ስለ ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕና በአሜሪካ ስላሳደረው ተጽዕኖ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጁት ሴት የልጆች ድርሰት ያርማሉ። ሞሴልን የተቀበላቸው ደግሞ ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ የሚገኝ የጥቁሮች የሕይወት መድን ድርጅት ነው። ከደቡብ ፈልሰው ፊላደልፊያ የሰፈሩ አንድ መቶ የጥቁር ቤተሰቦች እንዴት እንደሚኖሩ፣ ምን በልተው ምን ለብሰው እንደሚያድሩ አጥንተው በኢኮኖሚክስ ዶክተር ለሆኑት ለእኚህ ሴት፣ ባደጉበት ከተማ የሚመጥን ሥራ አልተገኘም። ኋላ ወደ ፔንሲልቬንያ ተመልሰው ሕግ ተማሩ፤ በ1927 ከዚያ የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቁ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ።

ሞሴል በ1915፣ ዳይክስ በ1910 ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት እዚያው ሲምፕሰን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው። ሰዉ በጎዳናው ስም “ኤም ስትሪት” ይለው ነበር፤ በ1916 አዲስ ሕንፃ ሲገባ በገጣሚው በፖል ሎረንስ ደንባር ስም ተሰየመ። የሦስቱን ሴቶች ነገር ለመረዳት ከዚህ ትምህርት ቤት መነሳት ይሻላል ባይ ነኝ። የሴቶቹ ስም ዝርዝር ብቻውን ጀግንነታቸውን ይነግረን ይሆናል፤ ጀግንነቱ የት እንደ ባከነ ግን አይነግረንም።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1870፣ በአሥራ አምስተኛው ጎዳና ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ለጥቁሮች የተቋቋመ የመጀመሪያው የአሜሪካ መንግሥታዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሱ ነው። በዓመቱ ርዕሰ መምህርት ሆነው የመጡት ሜሪ ጄን ፓተርሰን ነበሩ። ፓተርሰን በ1862 ኦሃዮ ከሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ ሲመረቁ፣ የባችለር ዲግሪ የያዙ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነዋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዚያው ኮሌጅ ሉሲ ስታንተን የምትባል ጥቁር ተማሪ ትምህርቷን ጨርሳ ነበር፤ ነገር ግን የተማረችው “የወይዛዝርት ኮርስ” የተባለውን ነበርና በወረቀቷ ላይ ዲግሪ የሚል ቃል አልሰፈረም። ፓተርሰን የመረጡት የወንዶቹን ነው፤ ላቲን፣ ግሪክኛና ከፍተኛ ሒሳብ ያለበትን።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ፓተርሰን የተወለዱት በሰሜን ካሮላይና ዋና ከተማ፣ በራሌይ ነው። የዚያ ግዛት ምክር ቤት በ1830 ባወጣው ሕግ ባሪያን ፊደል ማስቆጠር ወንጀል ነበር። እሳቸው ዲግሪያቸውን ሲቀበሉ ሕጉ ገና አልተሻረም፤ የሊንከን የነጻነት አዋጅ ሥራ ላይ የዋለው በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ነው።

ኤም ስትሪት ግን እሳቸውንም በወጉ አልያዘም። ዓመት እንደሠሩ ከሃርቫርድ ኮሌጅ የተመረቀው የመጀመሪያው ጥቁር ሪቻርድ ግሪነር ሲገኝ ወንበሩን ለእሱ ልቀቁ ተባሉ፤ እሱ በዓመቱ ሲሄድ ደግሞ ተመልሰው እስከ 1884 መሩ። የነጩን በደል ስናወራ የወንዱን ወንበር መርሳት የለብንም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

እዚህ ላይ ላቲንና ግሪክኛ ለምን ይህን ያህል ቦታ እንደያዙ መናገር ያስፈልጋል። የደቡብ ካሮላይናው ፖለቲከኛና የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ካልሁን “የግሪክኛ ሰዋስው የሚያውቅ ጥቁር ካገኘሁ፣ ያኔ ሰው መሆኑን አምናለሁ” በሚል ዓይነት ተናገሩ ተብሎ ይወራ ነበር። እሳቸው በእርግጥ ይህን ብለዋል? ማስረጃው የስማ በለው ነው። ወሬው ግን ሥራውን ሠርቷል። የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ፈተናውን እንደ ትክክለኛ ፈተና ቆጥረው ተቀመጡለት። ከባርነት የወጣው የኦበርሊን ምሩቅ ዊልያም ስካርቦሮ በ1881 የግሪክኛ መማሪያ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሰ። ሰው መሆንን በሰዋስው ማስመስከር በራሱ ውርደት አይደለም ወይ የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ለነዚያ ሰዎች ግን ነገሩ የቀን ተቀን ነበር፤ የኮሌጁ በር የሚከፈተው በላቲን ነው፤ ላቲን ያልተማረ ልጅ ሐኪምም ጠበቃም አይሆንም።

ፋኒ ጃክሰን ኮፒን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በ1837 ዋሽንግተን ውስጥ በባርነት ተወለዱ። የገዛቻቸው፣ ማለትም ነጻ ያወጣቻቸው፣ አክስታቸው ሣራ ናት። የሣራ ደመወዝ በወር ስድስት ዶላር ነበር፤ ለልጅቱ የተጠየቀው ዋጋ 125 ዶላር። ሒሳቡን ላሰላው፤ አንዲት ሴት ሳትበላ ሳትጠጣ ሃያ አንድ ወር ብታስቀምጥ ነው። ልጅቱ ቤት ሠራተኛ ሆና እያገለገለች ተማረች፤ ኦበርሊን ገባች፤ እሷም የወንዶቹን ኮርስ መረጠች። ኋላ ስለዚያ ዘመን ሲጽፉ፣ ክፍል ውስጥ ተነስተው መልስ በሰጡ ቁጥር የመላው አፍሪካዊ ዘር ክብር በትከሻቸው ላይ ያረፈ ይመስላቸው እንደነበር ተናግረዋል።

ኦበርሊን በመሰናዶው ክፍል ከጎበዝ ተማሪዎቹ መካከል እየመረጠ እንዲያስተምሩ ያደርግ ነበርና ፋኒንም መረጠ። ግን አስቀድሞ አስጠነቀቀ፦ ተማሪዎቹ ካመፁ አናስገድዳቸውም። አላመፁም። ክፍሉ ሞልቶ ለሁለት መከፈል ነበረበት። ምሽት ምሽት ደግሞ ከደቡብ ሸሽተው ለመጡ ባሮች ያስተምራሉ። በ1865 ተመርቀው ፊላደልፊያ፣ ኩዌከሮች ባቋቋሙት የጥቁር ወጣቶች ተቋም ተቀጠሩ፤ በ1869 ርዕሰ መምህርት ሆነው ለ33 ዓመት መሩት። የዛሬው የቼይኒ ዩኒቨርሲቲ መነሻ ያ ተቋም ነው።

የኮፒንን ሥራ በተለይ የምወደው በአንድ ምክንያት ነው። በኋላ ዘመን ሰዉ “የእጅ ሙያ ወይስ ላቲን?” ብሎ በጥቁር መሪዎቹ በቡከር ቲ ዋሽንግተንና በዱ ቦይስ ጎራ ሲከፈል፣ እሳቸው በ1889 እዚያው ግሪክኛ በሚሰጥበት ግቢ የሙያ ክፍል ከፍተው ነበር፤ አናጢነት፣ ግንበኝነት፣ ልብስ ስፌት፣ ሕትመት። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ ማንም አልተጣላም። ጠቡ የመጣው አንዱን ለሁሉ ጥቁር ልጅ እንወስን ሲባል ነው።

ጠቡ ኤም ስትሪት የደረሰው በአና ጁልያ ኩፐር ዘመን ነው። ኩፐርም እንደ ፓተርሰን የራሌይ ልጅ ናቸው፤ በ1858 በባርነት የተወለዱ። እናታቸው ሐና ባሪያ ነበረች፤ አባታቸው የእናታቸው ጌታ እንደሆነ ይገመታል። በ1868 ነጻ ለወጡት ልጆች የቅዱስ አውግስጢኖስ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ዘጠኝ ዓመት ያለፋት ልጅ ገባች። ለክህነት የሚዘጋጁት ወንዶች ድጎማና ማበረታቻ አላቸው፤ ሴቶቹን ግን ማንም ልብ አይላቸውም። የግሪክኛ ክፍል ለወንዶቹ ሊከፈት ሲል “እኔም ልግባ” አለች፤ ገባች። በዚያ ትምህርት ያገኘችውን የሥነ መለኮት ተማሪ ጆርጅ ኩፐርን በ1877 አገባች። በሁለት ዓመቱ ሞተባት።

ጨካኝ አይባልብኝ እንጂ መበለትነቱ በር ከፍቷል። በዋሽንግተን ያገባች ሴት መምህርት ሆና መቆየት አትችልም ነበር። የኩፐር የኦበርሊን ክፍል ጓደኛ ሜሪ ቸርች ኤም ስትሪት ሲያስተምሩ ባልደረባቸውን ሮበርት ቴሬልን በ1891 አገቡ፤ እሳቸው ሥራቸውን ለቀቁ፣ ባልየው ቆይቶ የዚያው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ። ሜሪ ቸርች ቴሬል ዝም ብለው ቤት አልተቀመጡም፤ በ1895 በከተማው የትምህርት ቦርድ ውስጥ ገቡ። 

ኩፐር በ1884 ከኦበርሊን ተመረቁ፤ በ1887 ኤም ስትሪት ገቡ፤ በ1892 “ከደቡብ የመጣ ድምፅ” የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የጥቁር ሴት ጉዳይ ራሷ ሳትጠየቅ የሚወሰን እንዳይሆን የሚሞግት መጽሐፍ ነው። በ1900 ደግሞ ለንደን በተደረገው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። ያ ጉባኤ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የአፄ ምኒልክ እልፍኝ አስከልካይ ተብሎ የመጣው ሄይቲያዊው ቤኒቶ ሲልቫን ነበር። ከአድዋ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የራሌይዋ የባሪያ ልጅና የአፄ ምኒልክ ተወካይ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስለ ጥቁር ሕዝብ ተወያይተዋል።

በ1902 ኩፐር የኤም ስትሪት ርዕሰ መምህርት ሆኑ። ትምህርት ቤቱ በዚያን ጊዜ ስሙ የገነነ ነበር። በ1899 በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተሰጠ ፈተና፣ የኤም ስትሪት ልጆች ከሦስቱ የነጮች ትምህርት ቤቶች ሁለቱን በልጠዋል። ኩፐር ልጆቹን ሃርቫርድ፣ ብራውን፣ ኦበርሊን እንዲገቡ አድርገው ያዘጋጇቸው ነበር። በዚያው በ1902 አርምስትሮንግ የሚባል የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ለጥቁሮች ተከፈተ (ክፉ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ኋላ የተማረው እዚያ ነው)። ቡከር ዋሽንግተን በዋይት ሐውስ ተሰሚነት ያገኙበት ወቅት ነው፤ ለጥቁር የሚበጀው የእጅ ሥራ ነው የሚለው ሐሳብ በነጩ ባለሥልጣን ጆሮ ጣፋጭ ሆኗል። ዱ ቦይስ በኩፐር ግብዣ ኤም ስትሪት መጥተው ለጥቁሮች የሚሰጠውን ትምህርት የማጥበብ ዝንባሌ ሲነቅፉ፣ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበሩት ነጭ፣ ፐርሲ ሂዩዝ፣ አልወደዱትም።

ከዚያ ክሱ መጣ። ሥርዓት ማስከበር አልቻሉም፤ የተወሰነውን መጽሐፍ አልተጠቀሙም፤ ለደካማ ተማሪ ይራራሉ። ሥራቸውን በሚመለከተው ላይ በኩፐር ቤት ስለሚኖር አንድ ወጣት መምህር የግል ሐሜት ተጨመረበት፤ ጋዜጦቹ አራገቡት። አንዲትን ሴት ከወንበሯ ለማንሳት ሲፈለግ ስሟን ማጉደፍ አዲስ ዘዴ አይደለምና ብዙ አላብራራም። በ1906 ቦርዱ ኩፐርን ዳግም ሳይሾም ቀረ። ኩፐር ጄፈርሰን ሲቲ፣ ሚዙሪ ሄደው አራት ዓመት ቋንቋ አስተማሩ፤ በ1910 ወደ ኤም ስትሪት ተመለሱ፤ በርዕሰ መምህርትነት ሳይሆን በላቲን መምህርትነት። ያ ክብር የሚነካ ቁስል ለብዙ ሰው የጡረታ ምክንያት ይሆን ነበር።

ኩፐር ግን ከሃምሳ ዓመታቸው በኋላ ዶክትሬት ጀመሩ። በክረምት ፓሪስ፣ በ1914 ክረምት ደግሞ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። በክረምት ኮርስ ዲግሪውን የያዘ የእኛ አገር መምህር ይህን ኑሮ ሲያነብ የራሱን ሻንጣ ያያል፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ፣ ዕረፍቱን በሌላ ክፍል ውስጥ። ሲምፕሰንም ቺካጎ የተማሩት እንዲሁ ነው፤ በአብዛኛው በክረምትና በተልእኮ። ምክንያቱ የጊዜ እጦት ብቻ አልነበረም። በ1907 ሲምፕሰን የሴቶች ማደሪያ ሲገቡ ከደቡብ የመጡ ነጭ ተማሪዎች አጉረመረሙ፤ የማደሪያው ኃላፊ ይቆዩ ቢሉም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሃሪ ፕራት ጀድሰን እንዲወጡ አዘዙ። ወጡ፤ ግን ከዩኒቨርሲቲው አልወጡም። ዲግሪውን ሲቀበሉ 55 ዓመታቸው ነበር። ዳይክስ ደግሞ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው ቢመጡም ራድክሊፍ የሃዋርድን ዲግሪ አልቀበልም ስላለ ባችለርን እንደገና ተምረዋል።

የኩፐር መሰናክል ሌላ ነበር። ኮሎምቢያ አንድ ዓመት ሙሉ ኒው ዮርክ መቀመጥን ይጠይቃል። በ1915 ግን እናታቸውን ያጡ አምስት የወንድማቸው የልጅ ልጆች መጡባቸው፤ ትልቁ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ትንሹ ገና ጨቅላ። ኩፐር ያን ጊዜ 57 ዓመታቸው ነው። ቤት ገዙ፤ ልጆቹን አሳደጉ፤ ላቲን አስተማሩ፤ የኮሎምቢያውን ውጤት ወደ ፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ አዛወሩ። በ1924 ፈቃድ ወስደው ፓሪስ ከሄዱ በኋላ በስድሳ ቀን ውስጥ ካልተመለሱ ከሥራ እንደሚሰረዙ ከወዳጅ መልእክት ደረሳቸው፤ ምርምራቸውን አቋርጠው ተመለሱ። ማርች 1925፣ በ66 ዓመታቸው፣ ፈረንሳይ በአብዮቱ ዘመን ስለ ባርነት የነበራትን አቋም የመረመረ ጽሑፋቸውን በፈረንሳይኛ ተከላከሉ። ባሪያ ሆና የተወለደች ሴት ስለ ባርነት ለፈረንሳይ ሊቃውንት መልስ ስትሰጥ የነበረውን አዳራሽ ለማየት ብዙ እከፍል ነበር።

ከዚያስ? ከዚያ ተመልሰው ላቲን አስተማሩ። እስከ 1930።

እዚህ ላይ ነው ስለ ኤም ስትሪትና ስለ ደንባር የሚጻፈውን ውዳሴ በጥርጣሬ የማየው። የደንባር ምሩቃን ዝርዝር ያኮራል፤ ስለ ደም ፕላዝማ አጠባበቅ ያጠናው ቻርልስ ድሩ፣ የመጀመሪያው ጥቁር የካቢኔ አባል ሮበርት ዊቨር፣ የመጀመሪያው ጥቁር የፌዴራል ዳኛ ዊልያም ሄስቲ። መምህራኑም እንዲሁ፤ የሃርቫርዱ ዶክተር ካርተር ውድሰን፣ ከኮርኔል የተመረቁት ደራሲዋ ጄሲ ፎሴት። “ያ ወርቃማ ዘመን” የሚል ብዙ ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ሊቅ አንድ ግቢ ውስጥ የሰበሰበው ዩኒቨርሲቲዎቹ በራቸውን መዝጋታቸው ነው። በዋና ከተማዋ የጥቁርና የነጭ መምህራን ደመወዝ እኩል ስለነበር፣ ለተማረ ጥቁር ከዚያ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ልጆቹ ተጠቅመዋል፤ እውነት ነው። ሲምፕሰን ግን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የወሰዳቸው በ1931፣ በ65 ዓመታቸው ነው። ሊጽፏቸው ይችሉ የነበሩትን መጻሕፍት የሚቆጥር የለም። በ1954 የትምህርት ቤቶች የዘር ክፍፍል በፍርድ ቤት ሲሻርና ቀስ በቀስ የሌላው በር ሲከፈት የደንባር የቀድሞ ገናናነት ደብዝዟል። ይህን እንደ ኪሳራ ብቻ የሚያለቅስ ሰው ሊቃውንቱን በር ዘግቶ ያቆየውን ግንብ እያመሰገነ መሆኑን ቢያስተውል መልካም ነው።

ኩፐር ጡረታ ሲወጡ ፍሪሊንግሃይሰን የተባለ የማታ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ቀን ሠርተው ማታ ለሚማሩ አዋቂዎች ነበር፤ ገንዘብ ሲያጥር ክፍሎቹን ወደ ራሳቸው ሳሎን አዛወሩት፤ ሌድሮይት ፓርክ፣ ቲ ስትሪት ወደሚገኘው ቤት። ዋሽንግተን ያላችሁ ወገኖች ከዩ ስትሪትና ከዘጠነኛው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተነስታችሁ ሩብ ሰዓት ብትራመዱ ታገኙታላችሁ፤ ከፊቱ ያለው ክብ አደባባይ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ2007 መታተም የጀመረውን የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁም ገጾቹን ብትገልጡ፣ የሴት ቃል ሆኖ የሰፈረው የእሳቸው ነው።

ከኩፐር ዘመን ተማሪዎች አንዷ ዩፌምያ ሎፍተን ነበረች። ከኤም ስትሪት በ1907፣ ኩፐር በተነሱ በዓመቱ፣ ከክፍሏ አንደኛ ሆና ወጣች። በ1943 ከአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ዶክትሬት ሲይዙ ዩፌምያ ሄይንስ ይባሉ ነበር፤ በዚህ ትምህርት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እሳቸውም 47 ዓመት በዚያችው ከተማ አስተማሩ። በ1966 የዋሽንግተን የትምህርት ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

ከተማው በዚያን ጊዜ ተማሪዎችን በመደብ የሚለይ አሠራር ነበረው። ልጆቹ በፈተና ይመዘኑና አንዱ ለኮሌጅ፣ ሌላው ለቀላል ትምህርት ይመደባል፤ ታችኛውን መደብ የሚሞሉት በብዛት ጥቁርና ድሃ ልጆች ናቸው። የ1906ቱ ክርክር ሌላ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነበር። ሄይንስ ከቦርዱ ወንበር ሆነው በይፋ ተቃወሙት። በጁን 1967 ዳኛ ስኬሊ ራይት፣ የመብት ታጋዩ ጁልየስ ሆብሰን ባቀረበው ክስ ላይ ሲፈርዱ አሠራሩን ከለከሉ። የሄይንስ የሰብሳቢነት ዘመን በቀጣዩ ወር አበቃ።

ኩፐር ይህን አላዩም። በፌብሩዋሪ 1964፣ በ105 ዓመታቸው፣ በቲ ስትሪቱ ቤት አርፈው ነበር። አስከሬናቸው ወደ ራሌይ ተወሰደ፤ ከ85 ዓመት በፊት በሞተው፣ በግሪክኛው ክፍል ባገኙት በጆርጅ ኩፐር አጠገብ ተቀበሩ።